የአበልጄ ዘይት

ካርቱም ውስጥ ከሚስታቸው ተደብቀው ወዲያ ወዲህ የሚሉ ወንዶች አውቃለሁ። እኔ የተደበቅሁት ከአበልጄ ነው፤ የተደበቅሁትም የሞተር ሳይክሌን ዘይት ሌላ ቦታ ለማስቀየር ነው። ሲያወሩት ያስቃል። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅበታለች። እኔን ግን የሞተር ዘይት ሽታ ባፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር ፊቴን ያግለዋል።

ደቡብ ሱዳን ተገንጥሎ የሁሉ ነገር ዋጋ እሳት በሆነባቸው በነዚያ ዓመታት የምንኖረው ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነበር። እኔ የአየር ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ፤ ያን ጎኑ በገለባ የታጨቀውን፣ በገለባው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋውን ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን። ሥራዬ የሚደራው የሰው ነፍስ በሙቀት ልትወጣ ስትል ነው። ጠዋት ባለቤቴን ከኋላዬ አፈናጥጬ፣ የመንሺያን ድልድይ ተሻግረን፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር የምትሠራበት ቤት በር ላይ አወርዳታለሁ። ከዚያ ፓምፔንና ገለባዬን ጭኜ ከሰፈር ሰፈር ስዞር እውላለሁ። ሞተሯ ከኔ በፊት ብዙ እጅ ያየች የህንድ ሥሪት ናት። እሷ ከቆመች የኔም ሥራ የባለቤቴም ሥራ ይቆማል፤ ስለዚህ ድምፅዋን የማዳምጠው የታመመ ሰው ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሰው ነበር።

አበልጄ ረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምንለውን፣ ነጂ ነበር። ባለቤቴ ሴት ልጁን ክርስትና ካነሳች ጀምሮ ቤታችን አንድ ሆኗል። አበልጅነትን ያየ ያውቀዋል። ከወንድምህ ጋር ተጣልተህ ትታረቃለህ፤ ከአበልጅህ ጋር ግን መጣላቱ ራሱ ነውር ነው። ቅር ቢልህም ትውጠዋለህ፣ ያቀረበልህን አትመልስም፣ እጁን አታሳፍርም። እኔ በጠባዬ ቁጡ ነኝ፤ ከአከራዬም ከደንበኛዬም ተጣልቼ አውቃለሁ። ከሱ ጋር ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

አንድ ቀን ረክሻው ተገልብጦ ወገቡን ጎዳውና መንዳት ቀረ። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ሲውል አላስችል ብሎኝ "ለምን ዘይት አትቀይርም?" ያልኩት እኔ ነኝ። "ሰፈሩ ሞልቶ የተረፈው ረክሻና ሞተር አይደለም እንዴ? ተቀምጠህ የሚሠራ ሥራ ነው። ሰው እኔ አመጣልሃለሁ" አልኩት። አመጣሁለትም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያገኘሁትን ሞተረኛ ሁሉ እየጎተትኩ፣ ከገበያው ጀርባ ኒም ዛፍ ሥር ወደዘረጋው ቦታ ወሰድኩ። መጀመሪያ የኛ አገር ልጆች መጡ፣ ቀስ በቀስም ሱዳኖቹ። እንጀራው የቆመው በኔ ምስክርነት ነበር። እኔ ብሸሽ ሁሉም "ምን አይቶ ነው?" ማለቱ አይቀርም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ከዛፉ ሥር አንድ በርሜል ተራ ዘይት ነበረው። ከጎኑ በሳንቃ በሠራት መደርደሪያ ላይ የታሸጉ ጠርሙሶች ይደረድራል፤ እነሱም ያው ተራ ዘይት ናቸው፣ ልዩነታቸው አቧራ ያልገባባቸው መሆኑ ብቻ ነው። ደንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ "የቱን ላርግልህ?" ነው። ከበርሜሉ ልቅዳ ወይስ የታሸገውን ልክፈት ማለቱ ነው። ማንም ይሁን ማን ይጠይቃል። እኔን ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ብቅ ስል የያዘውን ሥራ ትቶ ይነሣል፣ የታሸገውን ራሱ ይመርጣል፣ አንገቷ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጦ ይሰካና ቀስ አድርጎ ያንቆረቁርልኛል። አበልጅ ይጠየቃል እንዴ? ሌሎቹ ተራቸውን ሲጠብቁ እኔ ሳልጠየቅ ሲሠራልኝ ደረቴ ይነፋ ነበር፤ አልዋሽም።

ተራ ዘይት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ክፉው የካርቱም ግንቦት ነው። ድልድዩ ላይ መኪና ተደራርቦ ስንቆም ከላይ ፀሐይ ከታች አስፋልት ይጠብሰናል፤ ሞተሯም ጉሮሮው የደረቀ ሰው መስላ ትንኳኳለች። ማርሽ አልገባ ይላታል። ዘይቱን ስለካው ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ጠቁሮ፣ እንደ ውሃ ቀጥኖ አገኘዋለሁ። ለአበልጄ ይህን አልነገርኩትም። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው ብዬ፣ ቀጥሎ እርጅናዋ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ካላክላ ሰፈር ማቀዝቀዣ ልጠግን ሄጄ ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ ፊት ሳቆማት፣ ሱዳናዊው ባለሱቅ ድምፅዋን ሰምቶ ወጣ።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ሞተር እየጠበስካት እኮ ነው!" አለኝ።

ሲንተቲክ ዘይት አሳየኝ። በፋብሪካ ተቀምሞ የሚሠራ ስለሆነ በዚህ ሙቀት ቶሎ አይቀጥንም፣ ተራው ካበቃለት በኋላም እሱ ገና ይሠራል አለኝ። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የሞተር ሳይክል ሥዕል በጣቱ መታ መታ አደረገና አስጠነቀቀኝ። በሞተር ሳይክል ዘይቱ ፍሪሲዮኑንም ስለሚነክረው፣ ለመኪና የተሠራው ሲንተቲክ ከገባ ፍሪሲዮኑ መያዝ ትቶ ይንሸራተታል፤ ሥዕሉን ሳታይ እንዳትገዛ አለኝ። እዚያው አስቀየርኩ። ወደ ሐጅ ዩሱፍ ስመለስ ሞተሯ ልጅ ሆናለች። ድልድዩ ላይ እንደልማዴ ጆሮዬን ጣልኩ፤ የሚንኳኳ ነገር የለም። በደስታ ብቻዬን አፏጨሁ። ኒም ዛፉ ጋ ስደርስ ግን ለአቧራ የማስረውን ጨርቅ እስከ ዓይኔ ሳብ አድርጌ፣ ነዳጅ ሰጥቼ አለፍኩ።

"ንገረው" አለችኝ ባለቤቴ ማታ።

"ምን ብዬ? ያንተ ዘይት ሞተሬን ሊገድላት ነበር ልበለው?"

"አይ፣ ካላክላ ውሽማ ይዤብሃለሁ በለው!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ "ግን የምሬን ነው፣ ንገረው" አለች።

አልነገርኩትም። ሰውየው ወገቡን ይዞ በሚነሣበት ሥራ ላይ፣ ያውም እኔው ባስገባሁት ሥራ ላይ፣ ዘይትህ አይረባም ማለት ጭካኔ መሰለኝ። ዝም ማለቴን ደግነት ብዬ ጠራሁት። የፈራሁት ግን የሱን ማዘን ሳይሆን የራሴን ማፈር ነበር።

በዚያው ሳምንት እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አበልጄ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

"አበልጄ፣ ጊዜዋ አልፏል እኮ። በዚህ ሙቀት እንዲህ አይነዳም፤ ዘይቷን ልቀይርልህ" አለኝ።

"ሰሞኑን አመጣታለሁ፣ ኢንሻላህ።"

"ሰሞኑን ምን ያደርግልሃል? ያላ፣ አሁን እንሂድ።"

ባለቤቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ሰበብ ፈለግሁ፤ ሰበብ ለማግኘት ሰንፌ ለማላውቀው ለኔ ያን ቀን አንድም አልመጣልኝ አለ። ተከትዬው ሄድኩ።

ከዛፉ ሥር ሁለት የኛ ልጆች ሞተራቸውን አቁመው ተራ ይጠብቃሉ። አበልጄ አለፋቸውና ወደኔ ሞተር መጣ። እያቃሰተ ተንበረከከ፣ ሳፋውን ከሥር አስገባ፣ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታ። ተራው ዘይት ጊዜው ሲያልፍ የሚወርደው ከሰል የተበጠበጠበት መስሎ ነው። ይሄኛው ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ማር መስሎ እየተመዘዘ ወረደ። መፍቻ የያዘው እጁ ባለበት ቀረ። ሌባ ጣቱን ነክሮ ከአውራ ጣቱ ጋር አሻሸው። ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ ያደረገውን ዛሬም አልረሳውም። ያንን የታመመ ወገቡን እየጎተተ ዞረና፣ ልጆቹ ሳፋውን እንዳያዩት በጀርባው ከለለው። "ጠቁሯል! በጊዜ ደረስክልኝ" አለ፣ እነሱ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

ሌላ ቦታ ማስቀየሬ እንዳይታወቅብኝ ለኔ ብሎ ዋሸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን እንደሁልጊዜው የታሸገውን አውርዶ፣ የተቆረጠችውን ጠርሙስ ሰክቶ ጨመረልኝና "በል፣ በሰላም ግባ" ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ልጆቹ ስላሉ ነው ያልተናገርኩት አልኩ ለራሴ። ልጆቹ ሲሄዱ ሌላ ሰው መጣ አልኩ። ሌላው ሰው ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ መሸሽ ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ከሩቅ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላምታ እሰጥና ከሰው መሀል እገባለሁ። ባለቤቴ ልጅቷን ለማየት ስትሄድ ሥራ አለኝ እላለሁ። የጨመረልኝ ዘይት ሲያልቅለት እግሬ ወደዚያው ወደ ካላክላ ወሰደኝ። ይባስ ብሎ ከሁለቱ ልጆች አንዱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ "አሁን የት ነው የምታስቀይረው? ዛፉ ሥር ጠፋህ" ሲለኝ "ካላክላ" የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠኝ። አብራርቼ ሳልጨርስ ተሰናብቶኝ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዛፉ በኩል ሳልፍ አበልጄ ብቻውን ተቀምጦ መፍቻዎቹን በጨርቅ ሲወለውል አየሁት። መፍቻዎቹ ንጹሕ ነበሩ።

ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ነፍሶ ከተማው አቧራ ከለበሰ በኋላ የአበልጄ ሚስት ቤታችን ድረስ መጣች። ሳትቀመጥ ነበር የጀመረችው።

"ልጅቷ የክርስትና እናቷን ብቻ ነው እንዴ ያላት? አንተስ? ሙሽኪላ ካለ ንገረኝ፣ ምን አስቀየምንህ?"

"እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እናንተ ምን ታስቀይሙኛላችሁ!" አልኩ። ባለቤቴ ልብሷን ቀየረች፣ የሞተሯን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረችና "ተነሥ" አለችኝ።

ሦስታችን አበልጄ ዘንድ ስንደርስ ዛፉ ሥር ነበር። ሳቅ ብሎ ተነሣ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ አቅፎ ሳመኝ። ያ አሳሳሙ ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ መደርደሪያውን አየሁ። ከተራዎቹ ጠርሙሶች ነጠል ብላ አንዲት ሌላ ዓይነት ጠርሙስ ቆማለች፤ አቧራ ጠጥታ መልኳ ጠፍቷል።

"ስጠርጋት ሰለቸኝ!" አለች ሚስቱ ዓይኔን ተከትላ። "ያን እሁድ ማግስት ወገቡን እያመመው በባስ መሀል ከተማ ገበያው፣ ሱቅ አል-ዐረቢ ድረስ ሄዶ ነው ያመጣት። ሰው ሲጠይቀው የአበልጄ ናት ይላል፣ አይሸጣትም። አንተ ደግሞ ጠፋህ።"

"ተይ እንጂ" አላት አበልጄ። ጠርሙሷን አወረደና በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት። "ሲንተቲክ የሚሉት ይሄንን ነው አይደል? እኔ አላውቀውም ነበር። የተሻለ ነገር ካለ አበልጄ ለምን ይቅርበት? ልጨምርልህ። ጥሩ ከሆነችልህ ለሌሎቹም አመጣለሁ።"

ከሥር ሳፋውን አስገባ። እኔ ጠርሙሷን አየሁ። አቧራው ሲነሣ የወጣው ሥዕል መኪና ነው። የካላክላው ባለሱቅ በጣቱ እያንኳኳ ያለኝ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። "ይሄ የመኪና ነው" ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ናት። ግን ያን ሁሉ ጊዜ አቧራ እየጠጣች የጠበቀችኝን ጠርሙስ፣ ያን ወገብ፣ ያን ባስ ሳስብ አፌ ተሳሰረ። አሁን ደግሞ ይህንንም ልመልስበት? ክዳኗን ሲከፍት ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ጨረሰኝ። እየተንቆረቆረ ሲገባ ቆሜ አየሁ። እንዲያውም "ውለታህ በዛብኝ" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴን አፈናጥጬ ወጣን። ሰፈር ውስጥ ደህና ነበረች። ስትሞቅ፣ የድልድዩን ዳገት ስንጀምር፣ ነዳጅ ስሰጣት ጩኸቷ ብቻ ይጨምራል እንጂ አትሄድም። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ከኋላ ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ለቀቁት።

"ምን ሆነች?" አለችኝ ባለቤቴ በጆሮዬ።

"ምንም።"

"ምንም ትላለህ እንዴ? ወደኋላ ልትሄድ እኮ ነው!"

ወርዳ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ዳገቱን በእግሯ ወጣች። እኔ ሞተሯን እየገፋሁ ተከተልኳት። አናቱ ላይ ስንደርስ ላቧን በነጠላዋ ጠርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ነገርኳት። አልሳቀችም። አል-ጣኢፍ ዘግይታ ገባች፤ እመቤቲቱ በር ላይ ቆማ ስትቆጣት ከውጭ ሆኜ ሰማሁ።

ማታ አበልጄ ራሱ በራችን ላይ ብቅ አለ። "እሺ፣ እንዴት ሆነች?"

"ታማም ናት፣ ደህና ናት" አልኩት። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና ድስቱን ምድጃው ላይ ስታስቀምጥ ከሚገባው በላይ ጮኸ። እሱ ግን "አላልኩም? እግዜር ይመስገን!" ብሎ በደስታ ሄደ። በሩን ስዘጋ ባለቤቴ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ "ስትደብቀው ሁለተኛህ ነው" አለች።

ሁለት ቀን ያህል ሞተሯን እያባበልኩ፣ ዳገት እየሸሸሁ፣ ባለቤቴን በሚኒባስ እየላክሁ ቆየሁ። ነገ ነግሬው አስቀይራለሁ እላለሁ፤ ነጋ ሲባል ደግሞ ነገ እላለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዛፉ ሥር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። የጠፉት የኛ ልጆች ተመልሰው መጥተዋል። አበልጄ አጠገብ አንድ ካርቶን ተከፍቷል፣ ጠርሙሶቹ ላይ ያ የመኪና ሥዕል ተደርድሯል። እሱ ከልጆቹ ያንደኛውን ሞተር አሮጌ ዘይት አፍስሶ ጨርሷል፤ የተቆረጠችውን ጠርሙስ ሰክቶ አዲሱን እየከፈተ ነው።

"አበልጄ የሚጠቀመው ይሄንን ነው" ይላቸዋል። "ካላክላ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ጠይቁት፣ ታማም ናት ብሎኛል።"

"አቁም! አትጨምር!" ብዬ ጮህኩ። ከሱ ጋር ድምፄን ከፍ ያደረግሁበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር፤ ያውም በሰው ፊት። "የመኪና ነው። ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። የኔም ተንሸራትታለች።"

ያ ልጅ ሞተሩን ወደራሱ ሳብ አደረጋት። አበልጄ የከፈተውን ክዳን መልሶ ጠመዘዘው፣ ጠርሙሷን ወደ ካርቶኑ መለሳት፣ ካርቶኑን በእግሩ ወደ ዛፉ ገፋ አደረገው። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

"የዛን ዕለት ስጨምርልህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታማም ናት ስትለኝስ?"

"አዎ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። "መጀመሪያ ዝም ስትል የተጎዳሁት እኔ ብቻ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ያን ችዬዋለሁ። አሁን ግን በኔ እጅ የሰው ሞተር ልታስበላሽ ነበር።"

ለልጁ ከታሸገው ተራ ዘይት ጨመረለትና ሸኘው። ከሱ ቀጥሎ የነበረውንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም። እኔ ሞተሬን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ፤ እስከዚያን ቀን እዚያ ዛፍ ሥር ተራ ጠብቄ አላውቅም ነበር። ሁሉም ሲጨርሱ መጣ፣ እያቃሰተ ተንበረከከ፣ ሳፋውን አስገብቶ ያን የራሱን ስጦታ አፈሰሰው። ገና ንጹሕ ነበር። እስኪንጠባጠብ ጠበቀ፣ ብሎኑን አጠበቀ።

እጁን ወደ መደርደሪያው ሲዘረጋ ልቤ ትንሽ መለስ አለች። ግን እጁ መሀል ላይ ቆመ። አንገቱን ሳያቀና፣ ዓይኑን ከሞተሯ ሳያነሣ፣

"የቱን ላርግልህ?" አለኝ።

"የታሸገውን" አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።